የሠርግ ፎቶ ቡዝ መብራት አመራረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የጥር ሠርግ ሲገባ፣ ከፋሲካም በኋላ ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በሞጣና በቡሬ በሚተከሉት ድንኳኖች ውስጥ አሁን አሁን አንድ አዲስ ጥግ ይታያል፤ እሱም ታዳሚው በቡድን እየቆመ የሚነሣበትና ፎቶውን ወዲያው አሳትሞ የሚወስድበት ፎቶ ቡዝ ነው። በዚህ ሥራ የሚሰማሩ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ያላቸውን ገንዘብ ካሜራ ላይ ያውሉና በተረፈችው መብራት ይገዛሉ። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ፎቶ ቡዝ ውስጥ ካሜራው ከቆመበት አይነቃነቅም፣ የሰዎቹም ርቀት ብዙ አይለዋወጥም፤ ስለዚህ መካከለኛ ካሜራ ሥራውን በሚገባ ይወጣዋል። መብራቱ ከተበላሸ ግን ፎቶው በደቂቃ ውስጥ ታትሞ በባለቤቱ እጅ ስለሚገባ፣ በኋላ የሚታረምበት ጊዜ የለም። መብራት ሲመረጥ ደጋግመው የሚነሡት አመለካከቶች ታዲያ አንድ በአንድ መታየት ይገባቸዋል።

«ዋቱ በበዛ ቁጥር መብራቱ ይሻላል»

ዋት የሚነግረን መብራቱ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚወስድ እንጂ ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰጥ አይደለም። ድሮ ሲሠራበት ከነበረው ባለ ክር 100 ዋት አምፖል ይልቅ 100 ዋት ኤልኢዲ ብዙ እጥፍ ብርሃን ይሰጣል። በመሆኑም ኤልኢዲ ሲገዛ መጠየቅ ያለበት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ሉክስ (የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) እንደሚያወጣ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ግን ኤልኢዲንና ፍላሽን በዋት ቁጥር ማወዳደር ነው። ካሜራው በ1/125 ሰከንድ ሲያነሣ 100 ዋት ኤልኢዲ በዚያች ቅጽበት የሚጠቀመው ኃይል 0.8 ጁል ብቻ ነው። ፍላሽ ግን ያጠራቀመውን ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀዋል፤ ካሜራ ላይ የምትሰካው ትንሿ ፍላሽ እንኳ ከ60 እስከ 80 ጁል የሚደርስ ኃይል ትይዛለች። ልዩነቱ ፎቶው ላይ በግልጽ ይታያል። በኤልኢዲ ብቻ የሚሠራ ሰው የካሜራውን አይኤስኦ (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 3200 ከፍ ለማድረግና ሌንሱን በሰፊው ለመክፈት ይገደዳል፤ በዚህም ፎቶው በጥቃቅን ነጠብጣብ ይሞላል፣ ከኋላ የቆሙት ሰዎችም ይደበዝዛሉ። በፍላሽ የሚሠራው ግን አይኤስኦውን 200 ወይም 400፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን መክፈቻ) ወደ ኤፍ 8 ጠበብ አድርጎ ከፊት እስከ ኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ጥርት አድርጎ ያነሣል። ሚዜዎቹ እስክስታ እየመቱ ቢገቡ እንኳ የፍላሹ ብልጭታ እጅግ አጭር በመሆኑ ትከሻቸው ሳይደበዝዝ ይቀራል። ካሜራው በሰዎቹ ዙሪያ እየዞረ ቪዲዮ የሚቀርጽበት 360 የሚባለው ቡዝ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ለቪዲዮ ፍላሽ አይሆንምና ጠንካራ ኤልኢዲ የግድ ነው።

«አንድ ሪንግ ላይት ለሁሉም ይበቃል»

ሪንግ ላይት፣ ማለትም ቀለበት የሚመስለው ክብ መብራት፣ የሚያምርበት ቦታ አለው፤ አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰዎች በቅርበት ሲነሡ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ 18 ኢንች ሪንግ ላይት ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው ሲቆሙ ግን ሪንግ ላይቱ ወደ ኋላ መራቅ ስላለበት ብርሃኑ ይደክማል፤ ከሌንሱ አቅጣጫ በቀጥታ ስለሚመጣም ፊትን ጠፍጣፋ ያደርጋል፣ መነጽር ባደረገ ሰው ዓይን ላይም ነጭ ቀለበት ይተክላል። በእሱ ምትክ አንድ ፍላሽ ከ90 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ከሚሰፋ ሶፍትቦክስ (ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ የብርሃን ማለስለሻ ሣጥን) ወይም 150 ሴንቲ ሜትር ከሚደርስ ነጭ ጃንጥላ ጋር ቢገዛ፣ በስታንድ ከዓይን ከፍታ ትንሽ ከፍ ብሎ ከካሜራው ጎን በ45 ዲግሪ ያህል ቢቆም፣ በሌላው ጎን ደግሞ በጣውላ ላይ የተወጠረ ነጭ አቡጀዴ ብርሃኑን እንዲመልስ ቢደረግ፣ ውጤቱ ከሪንግ ላይት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

«መብራት በራቀ ቁጥር ይለሰልሳል»

ይህ በተቃራኒው ነው። የብርሃን ልስላሴ የሚወሰነው መብራቱ ከሰውየው ፊት ሲታይ ምን ያህል ሰፊ ሆኖ በመታየቱ ነው፤ ያው ሶፍትቦክስ በራቀ ቁጥር እያነሰ ስለሚታይ ጥላው እየጠነከረ ይሄዳል። ሰዎች እንዲህ የሚያስቡበት ምክንያት ግን ከንቱ አይደለም። መብራት ሲርቅ ፊት ለፊት በቆመውና ከኋላ በቆመው ሰው መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ይጠባል፤ ይህ እኩልነት ነው ልስላሴ መስሎ የሚታያቸው። ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ፣ መብራቱ ከፊተኛው ሰው 1 ሜትር፣ ከኋለኛው 2 ሜትር ርቆ ቢቆም የኋለኛው የሚያገኘው የፊተኛውን ሩብ ብቻ ነው። መብራቱ ወደ ኋላ ተስቦ ርቀቱ 3 እና 4 ሜትር ቢሆን ግን የኋለኛው ከግማሽ በላይ ያገኛል። ስለዚህ ለቡድን ፎቶ መብራቱን ማራቅ ተገቢ ሲሆን፣ በመራቁ የሚጠፋውን ልስላሴ ለመመለስ ሶፍትቦክሱ ወይም ጃንጥላው መስፋት፣ ፍላሹም ጉልበት መጨመር አለበት። 200 ጁል የሚይዝ ባለ ባትሪ ፍላሽ ለአብዛኛው የሠርግ ቡዝ የሚበቃውም በዚህ ስሌት ነው።

«ጠይም ፊት በነጭ ልብስ ሲነሣ ብርሃን መጨመር ነው»

ለጎጃም ሠርግ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። እዚህ ታዳሚው ነጭ ለብሶ ይመጣል፤ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢ። የካሜራው አውቶማቲክ መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ በመሆኑ፣ ፍሬሙ በነጭ ልብስ ሲሞላ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጩ ግራጫ፣ ፊቱም ጥቁር ይሆናል። ባለሙያው ይህን ሲያይ መብራት ይጨምራል፤ ቀጥሎ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሙሽራ ሲቆም ደግሞ መለኪያው በተቃራኒው ስለሚሳሳት ሁሉም ነገር ነጭ ይወጣል። ችግሩ የብርሃን ማነስ ሳይሆን የመለኪያው መለዋወጥ ነው። መፍትሔው ካሜራውንም ፍላሹንም በማኑዋል (በእጅ በሚስተካከልበት) ማድረግ፣ ድግሱ ከመጀመሩ በፊት ነጭ የለበሰ ሰው አቁሞ መሞከርና የነጠላው ክር ሳይጠፋ እስከሚታይበት ድረስ ብርሃኑን ከፍ አድርጎ እዚያው መተው ነው።

የብርሃኑ ዓይነት ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያትም አለ። ጠይም ፊት ቅርጹን የሚያሳየው ከቆዳው ላይ በሚንጸባረቀው ብርሃን ነው። ለበዓሉ ሹሩባ የተሠሩና ለጋ ቅቤ የተቀቡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ሲቀርቡ፣ ካሜራው ላይ የተሰካች ትንሽ ፍላሽ በቀጥታ ብታበራባቸው ግንባራቸው ላይ የሳንቲም ያህል ነጭ ነጥብ ታስቀምጣለች፣ የጥበባቸውንም ቀለም ታጠፋለች። ያው ብርሃን በሰፊ ሶፍትቦክስ ከጎን ሲመጣ ግን የፊታቸው ወዝ ከጉንጭ እስከ አገጭ ረጋ ብሎ ይዘረጋል፣ ፈትሉም እያንዳንዱ ክር የራሱን ትንሽ ጥላ ስለሚጥል ሸማው ሸማ ሆኖ ይታያል። ነጭ የለበሰው ሰው ለመብራቱ የሚቀርብ ከሆነም የሶፍትቦክሱን መሃል ከእሱ ትንሽ ወደ ሌላኛው ወገን አዞር አድርጎ፣ እሱን በብርሃኑ ጠርዝ ብቻ እንዲነካው ማድረግ ይቻላል። የጀርባው ጨርቅ ጥቁር ወይም ጥቁር ቀይ ከሆነ ደግሞ ጠጉርና ትከሻ ከጨርቁ ጋር እንዳይዋሐዱ አንዲት ትንሽ መብራት ከኋላ መጨመር ከዋናው መብራት ጉልበት መጨመር ይበልጣል።

«ፍላሹን ወደ ጣሪያ ማዞር ነው፤ ቀለሙ በኋላ ይስተካከላል»

ነጭ ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ይህ ዘዴ ይሠራል። በድንኳን ውስጥ ግን ብርሃኑ የሸራውን ቀለም ይዞ ይወርዳል፤ ቢጫ ሸራ ሰውን ያስገረጣል፣ ሰማያዊው ያጠቁራል፣ በቅጠል የተሸፈነ ዳስ ደግሞ ብርሃኑን ውጦ የሚመልሰውን ጥቂቱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ስለዚህ በድንኳን ውስጥ ብርሃኑ ከራሱ ሶፍትቦክስ በቀጥታ ወደ ሰዎቹ መምጣት አለበት።

የቀን ብርሃንና የፍላሽ ቀለም ወደ 5500 ኬልቪን ይጠጋል (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል)፤ ለጌጥ የሚንጠለጠሉት ቢጫ አምፖሎች ግን ወደ 3000 ኬልቪን ናቸው። ሁለቱ በአንድ ፊት ላይ ሲገናኙ አንዱን ጉንጭ ቢጫ፣ ሌላውን ሰማያዊ ያደርጋሉ፣ ይህንንም ኮምፒውተር በቀላሉ አይለየውም። የጌጡ አምፖሎች ከቡዙ ፊት ለፊት እንዳይሰቀሉ ከዲኮር ሠሪው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያዋጣል። ኤልኢዲ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሲአርአይ የሚባለው የቀለም ታማኝነት መለኪያ 95 እና ከዚያ በላይ መሆኑን ያረጋግጥ፤ ርካሽ ኤልኢዲዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድላቸው ቀይ ብርሃን በመሆኑ ጠይም ፊት አመድ የነካው መስሎ ይወጣል።

«ጄኔሬተር ካለ ስጋት የለም»

የጄኔሬተር ሞተር ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይታሰባል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ በአካሉ ላይ የተጻፈውን ኃይል አምኖ የመጣ ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ከሩብ በላይ የሚሆነውን ያጣል። በዚያ ላይ የዲጄው ድምፅ ማጉያ፣ የድግሱ መብራትና በሙቀት የሚያትመው ፕሪንተር አንዱን መስመር ይጋራሉ፤ ሙዚቃው ሲያይል ቮልቴጁ ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ ከግድግዳ መስመር ብቻ የሚሠራ ፍላሽ ለመሙላት ይዘገያል፣ ወረፋውም ይረዝማል። ሊቲየም ባትሪ ያለው ፍላሽ ከአንድ ተጨማሪ ባትሪ ጋር መግዛትና የጄኔሬተሩን መስመር ለፕሪንተሩ ብቻ መተው ይሻላል።

የኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑ ርካሽ ኤልኢዲዎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ግን በ1/250 ሰከንድ ሲያነሣ ጥቁር መስመሮችን ያሳያል። ሱቅ ውስጥ እያሉ በስልክ ስሎው ሞሽን ቪዲዮ ቀርጾ ማየት ይህን ወዲያው ያጋልጠዋል።

«ፍላሽ የሕፃን ዓይን ያጠፋል»

ብዙ ወላጆች ይህን ፈርተው ሕፃናቸውን ይሸፍናሉ። የተለመደው የፎቶ ፍላሽ በጤነኛ ሕፃን ዓይን ላይ ዘላቂ ጉዳት አያደርስም፤ ብልጭታው እጅግ አጭር ነው፣ በሶፍትቦክስ ውስጥ ሲያልፍም ይበተናል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በተከታታይ ብልጭ ድርግም ለሚል የጭፈራ መብራት ነው፤ እሱ ለብርሃን ስሱ የሆነ የሚጥል ሕመም ባለበት ሰው ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ስለሚችል ከቡዙ አጠገብ መሆን የለበትም።

«ስታንድ ማንኛውም ይሆናል»

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ሶፍትቦክስና ጃንጥላ ነፋስ ይይዛሉ፤ በጣና ዳር ከሰዓት በኋላ በሚነሣው ነፋስ ቀጭን ስታንድ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ቦታ ላይ መውደቁ አይቀርም። እግሩ ሰፊና ወፍራም ስታንድ ይገዛ፣ በእግሩ ላይ አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ይታሰር፣ ገመዱም ከምንጣፍ ሥር ገብቶ ጫፎቹ በፕላስተር ይጣበቁ።