አውቶፔን ምንድን ነው?

አንድ ፕሬዚዳንት የፈረሙበት ደብዳቤ እጅዎ ገባ እንበል። ወረቀቱ የዘመኑ ነው፣ አርማው ትክክል ነው፣ ቀለሙም ከብዕር የፈሰሰ ነው። የላከውም የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ራሱ ነው። ይህ ሁሉ ተሟልቶም ፕሬዚዳንቱ ያንን ወረቀት በዓይናቸው እንኳ ሳያዩት ቀርተው ይሆናል። የመሪዎች ፊርማ ያረፈባቸውን ሰነዶች የሚሰበስብ ሰው ከአስመሳዮች ባልተናነሰ የሚጠነቀቀው ከዚህ ነው። ፈራሚው አውቶፔን የሚባል ማሽን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የባለቤቱ ፊርማ ይወሰድና ቅርጹ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል። የማሽኑ ክንድ ያንን ቅርጽ እየተከተለ ሲንቀሳቀስ፣ የታሰረበት ብዕር ፊርማውን ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። ብዕሩ እስክሪብቶም ሊሆን ይችላል፣ የቀለም ብዕርም። የኅትመት ፊርማ በማጉያ መነጽር ቶሎ ይጋለጣል፤ ይሄኛው ግን ቀለሙ እውነተኛ ስለሆነ ብዙ ሰው ያታልላል።

ማሽኑ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ከ1804 ጀምሮ ይጠቀሙበት ከነበረው ፖሊግራፍ ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ፖሊግራፍ ሁለት ብዕሮች የተያያዙበት መሣሪያ ሲሆን፣ ጄፈርሰን በአንዱ ሲጽፉ ሌላው በዚያው ቅጽበት ቅጂ ያወጣላቸው ነበር። ዋናውንም ቅጂውንም ያንቀሳቀሰው የእሳቸው እጅ ነው። በአውቶፔን ግን ባለቤቱ ክፍሉ ውስጥ መገኘትም አይጠበቅበትም።

በብዛት በመጠቀም ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ናቸው። የእሳቸው ፊርማ ሰብሳቢዎችን የሚያስቸግረው፣ ከማሽኑ ሌላ ፀሐፊዎቻቸውም በስማቸው ይፈርሙ ስለነበር ነው። ፀሐፊ ለመሪ መፈረሙ ደግሞ ከማሽኑ በፊት የነበረ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ በመጋቢት 1833 ባወጣው ሕግ፣ የመሬት ይዞታ ሰነዶችን በፕሬዚዳንቱ ስም የሚፈርም ፀሐፊ እንዲሾም ፈቀደ። ከዚያ በኋላ በተሰጠ የመሬት ሰነድ ላይ የሊንከንን ስም አይቶ ልቡ የሚዘል ሰው፣ ከስሙ ሥር ያለችውን የፀሐፊውን ስም ማንበብ አለበት። እኔ ይህን ማጭበርበር አልለውም፤ ሰነዱ ራሱ ማን እንደፈረመ በግልጽ ይናገራልና።

በማሽን የተፈረመ ሰነድ ታዲያ ሐሰተኛ ነው? በሕግ ዓይን አይደለም። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪዎች በ2005 በሰጡት አስተያየት፣ ፕሬዚዳንቱ ውሳኔውን ራሳቸው እስከወሰኑ ድረስ ፊርማቸውን ሌላ ሰው በአውቶፔን እንዲያሰፍር ማዘዝ ይችላሉ። ባራክ ኦባማ በግንቦት 2011 ፈረንሳይ ሳሉ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ጊዜያቸው የሚያበቃ የፓትሪዮት አክት (የአሜሪካ የፀረ ሽብር ሕግ) ድንጋጌዎችን ያራዘመው ሕግ በዚህ መንገድ ተፈርሟል። ለሰብሳቢ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ለፊርማ ዋጋ የሚከፈለው እጁ ወረቀቱን ስለነካ ነው፤ ያ ከሌለ የቀረው ደብዳቤው ነው። በእጅ የተፈረመ ነው ብሎ የማሽኑን የሚሸጥ ሰው፣ ሳያውቅም ቢሆን፣ ገዢውን እየጎዳ ነው።

መለያውን ከሰው እጅ ይጀምሩ። ማንም ሰው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አይፈርምም፤ ሲቸኩል ይዘረጋዋል፣ ሲደክመው ያሳጥረዋል፣ አንዱን መስመር ጫን አንዱን ላላ ያደርጋል። ማሽኑ ይህ የለውም። የመስመሩ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሆናል፤ ብዕሩ ሲያርፍና ሲነሣ ጫፎቹ ላይ ነጥብ የምትመስል የቀለም ጠብታ ሊተው ይችላል፤ አንዳንዴም መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ማነጻጸር ነው። የዚያኑ መሪ ሌላ ፊርማ በትክክለኛ መጠኑ ያግኙና ሁለቱን ደራርበው በብርሃን ፊት ይያዟቸው። መስመር በመስመር ከገጠሙ ሁለቱም ከአንድ ሰሌዳ የወጡ ናቸው። ባይገጥሙስ? ያኔም ገና አይግዙ፤ ኬኔዲን የመሰሉ መሪዎች የነበሯቸው ሰሌዳዎች ከአንድ በላይ ናቸውና የእርስዎ ፊርማ ከሌላኛው ሰሌዳ የመጣ ሊሆን ይችላል።