የአሮጌ ትራክተር ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ የሚወጣው ጋዝ ምንድን ነው?

ባትሪ ሊነካ የሚሄድ ሰው በብዛት የሚፈራው ኮረንቲን ነው። እውነቱን ለመናገር 12 ቮልት ደረቅ እጅን አይዝም። መፈራት ያለበት ጋዙ ነው። አይታይም፣ አይሸትም፤ አንዲት ብልጭታ ካገኘ ግን ባትሪውን ያፈነዳዋል። የሚረጨው ደግሞ አሲድ ነው፤ ያውም ጎንበስ ብሎ በሚያየው ሰው ፊት ላይ።

ከየት ይመጣል? የትራክተር ባትሪ ውስጡ የእርሳስ ሳህኖችና በውሃ የተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ቻርጀር ሲገጠምለት መጀመሪያ ሳህኖቹ የሚመጣውን ኃይል ይቀበላሉ። ባትሪው እየሞላ ሲሄድ ግን መቀበል ያቅታቸዋል። የተረፈው ኃይል ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፍለዋል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ላይ ይህ ጎልቶ የሚታየው ቮልቴጁ ወደ 14.4 ሲጠጋ ነው። ያኔ ፈሳሹ እንደ ሽሮ መንተክተክ ይጀምራል። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ ይቀጣጠላል።

ስለዚህ ቻርጅ የሚደረገው ደጅ ወይም በሩ ወለል ብሎ በተከፈተ መጋዘን ነው። ሲጋራ ይቅር። የፈሳሹን መጠን ለማየት ክብሪት መጫር ይቅር፣ የስልክ መብራት አለ። «ባትሪው ይዟል ወይ?» ብሎ ሁለቱን ጫፍ በመፍቻ እያገናኙ ብልጭታ ማየት የሚባለው ልማድ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ቻርጅ ላይ በዋለ ባትሪ ላይ እንዲህ ማድረግ ፈንጂውን በእጅ እንደ መለኮስ ነው። ቮልቲሜትር ውድ ዕቃ አይደለም።

ስለ ኬብል ቅደም ተከተል የሚነገረው ሁሉ የሚመጣው ከዚሁ ጋዝ ነው። መጀመሪያ የትራክተሩን ኬብሎች ከባትሪው ፍቱ። ቀድሞ የሚፈታው ከቦዲ ጋር የታሰረው ነው። ሌላውን ቀድማችሁ ብትፈቱና መፍቻው ቦዲውን ቢነካ ኮንታክት ይፈጥራል፣ ብልጭታውም እዚያው ባትሪው አናት ላይ ይሆናል። ቻርጀሩ ከሶኬት ሳይሰካ ፕላሱ ከፕላስ፣ ማይነሱ ከማይነስ ይያያዝ። ሶኬቱ የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው። ሲነቀል በተቃራኒው፦ መጀመሪያ ሶኬቱ፣ ቀጥሎ ኬብሎቹ። መነጽር ብታደርጉ ጥሩ ነው። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ታጥቦ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

አሮጌ ትራክተር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዛሬ ሁላችንም ቦዲው ማይነስ ነው ብለን እናስባለን። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 የተመረተው ፈርጉሰን ቲኢ20ም ሆነ ፎርድሰን ሜጀር ከፋብሪካ ሲወጡ ከቦዲያቸው ጋር የታሰረው ፕላሱ ነበር። በኋላ ጋራዥ ውስጥ የተገለበጡም አሉ። ስለዚህ የኬብሉን ቀለምም ሆነ የሰው ወሬ አትመኑ፤ ባትሪው ላይ የተቀረጸውን ምልክት ተመልከቱ። ባለ 6 ቮልት የሆኑም አሉ። መለየቱ ቀላል ነው፦ አናቱ ላይ ሦስት ክዳን ካለው 6 ቮልት፣ ስድስት ካለው 12 ቮልት ነው። 6 ቮልቱን በ12 ቮልት ቻርጀር መሙላት ባትሪውን መቀቀል ነው። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ካለው ደግሞ ለያይታችሁ አንድ በአንድ ሙሉ።

ጋዙን ለመቀነስ ዋናው ዘዴ አለመቸኮል ነው። የቻርጀሩ አምፔር ከባትሪው አምፔር ሰዓት (የመያዝ አቅሙ) አንድ አሥረኛ አይለፍ፤ ለ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 10 አምፔር ማለት ነው። ላረጀ ባትሪ 5 ይሻላል። አርሲና ባሌ ውስጥ እርሻው አልቆ ለወራት የቆመ ትራክተር ባትሪው ባዶ ሆኖ ቢገኝ አይገርምም፤ ባለቤቱ ግን ዛሬውኑ እንዲነሳ ይፈልጋል። ቻርጀሩን እስከ መጨረሻ መክፈት የሚመጣው ያኔ ነው። የባትሪው ጎን ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም የገማ እንቁላል ከሸተታችሁ (ይህ ሽታ ያለው ሌላ ጋዝ ነው) ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉና ቦታው እስኪናፈስ ራቁ።

ጋዝ ሆኖ የሚጠፋው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ስለዚህ የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ብቻ ነው። ቻርጅ ከማድረግ በፊት ሳህኖቹን እስኪሸፍን ያህል፣ የቀረውን ከሞላ በኋላ። ቀድሞ ከተሞላ ፈሳሹ ሲነሳ ይፈስሳል።

ከቻርጅ ወርዶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ደህና ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሲሞላ በየክዳኑ ሥር ካሉት ስድስት ክፍሎች አምስቱ እየተንተከተኩ አንዱ ዝም ካለ ያ ክፍል ሞቷል ማለት ነው። ያኔ ባትሪውን መቀየር እንጂ ሌላ ሌሊት ቻርጅ ላይ ማሳደር አያድነውም።