አረንጓዴ ቀለም በኢትዮጵያውያን ሕይወት

አረንጓዴ በኢትዮጵያ የልምላሜ፣ የሰላምና የመልካም ዜና ምልክት ነው። ትርጉሙን ያገኘው በእጅ ከሚያዘው፣ በራስ ላይ ከሚታሰረውና በወለል ከሚጎዘጎዘው ሣርና ቄጠማ ነው። ዝናብ ጠብቆ ለሚያርስ ገበሬ የመስኩ መለምለም የከብቱ መኖና የመጪው አዝመራ ተስፋ ስለሆነ፣ ቀለሙ ከጥጋብና ከእፎይታ ስሜት ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። ክረምቱ አልፎ ዘመን ሲለወጥ ልጃገረዶች ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይዘው በየደጁ «አበባየሆሽ» ሲሉ፣ ተቀባዮቹ «ለምለም» እያሉ ይመልሳሉ።

የቀለሙ ትርጉም ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን በትንሣኤ ዋዜማ፣ በቀዳም ሥዑር ነው፤ ዕለቱም ለምለም ቅዳሜ ይባላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት፣ ካህናትና ዲያቆናት ቃጭል እያሰሙ፣ «ገብረ ሰላም በመስቀሉ» እያሉ ለምእመናን ቄጠማ ያድላሉ፤ ምእመናኑም ተቀብለው በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ሥርዓቱ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችውን፣ የለመለመ የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ የተመለሰችውን ርግብ ያስታውሳል። በዓሉ በአብዛኛው የሚውለው የደጋው ሣር ደርቆ በከረመበት ወቅት ሲሆን፣ ቄጠማው ከወንዝ ዳርና ከረግረግ ታጭዶ ይመጣል፤ በደረቅ ወራት የሚታይ ርጥብ ቅጠል ልብን የሚነካበት ኃይል ከዚህ የሚመነጭ ይመስላል። በማግስቱ ያው ቄጠማ በየቤቱ ወለል ላይ ይጎዘጎዛል፤ ሽታው ከቡናውና ከዕጣኑ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ያውደዋል። ዛሬ በከተማም ሆነ በውጭ አገር ብዙዎች በረከቦቱ ሥር የፕላስቲክ ሣር ያነጥፋሉ። ይህ ቀለሙን ቢተካም፣ የበዓሉን ስሜት በመቀስቀስ ረገድ ከቀለሙ የማያንሰውን ሽታ አይተካም።

በኢሬቻ በዓልም፣ በተለይ ከመስቀል በኋላ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ሲከበር፣ የኦሮሞ ሕዝብ ርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃው በመውረድ፣ ከክረምት ወደ ብራ ላሸጋገረው ዋቃ ምስጋና ያቀርባል። በሙስሊሞች ዘንድ አረንጓዴ የጀነት ቀለም ነው፤ ቁርኣን የጀነት ሰዎች አረንጓዴ የሐር ልብስ እንደሚለብሱ ይናገራል፤ ቀለሙ በመስጊዶች ላይ መዘውተሩም ከዚህ ክብር ጋር ይያያዛል።

ባለ ሦስት ቀለሙ ሰንደቅ ዓላማ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቀለማቱን ለኖኅ ከተሰጠው የቀስተ ደመና ቃል ኪዳን ጋር የሚያያይዝ ትውፊት ስላለ፣ የሰንደቁ አረንጓዴና የለምለም ቅዳሜው ቄጠማ በምእመናን ዘንድ ወደ አንድ ታሪክ ይመለሳሉ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 አረንጓዴን ከላይ፣ ቢጫን ከመሐል፣ ቀይን ከታች ያስቀመጠ ሲሆን፣ በ2001 የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ አረንጓዴውን የሥራ፣ የልምላሜና የዕድገት ምልክት አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1957 ነፃ የወጣችው ጋናም እነዚህኑ ቀለማት በሰንደቋ ላይ አዋለች፤ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተከተሏት። በስፖርቱ ዓለም ደግሞ በረጅም ርቀት ውድድር ተከታትለው የሚገቡት ኢትዮጵያውያን ሯጮች ከመለያቸው ቀለም የተነሣ «አረንጓዴው ጎርፍ» ተብለዋል።