«ጂሊብሲ 2.28 አልተገኘም»፦ በአሮጌ ሊኑክስ ላይ ደጋግመን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሴንትኦኤስ 7 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የወጣው በፈረንጆቹ ጁላይ 2014 ነው። ድጋፉ ጁን 30, 2024 አበቃ። ማሽኖቹ ግን አልጠፉም። ዛሬም የሰርቨር ክፍል ጥግ ላይ የሚያጉረመርሙ አሉ። ማንም አይነካቸውም። ይሠራሉ እኮ!

ጣጣው የሚመጣው አንድ ቀን አዲስ ነገር ልጫንበት ስትሉ ነው። የጃቫስክሪፕት ፕሮግራሞችን የሚያስኬደውን ኖድ ጄኤስ 18ን እንውሰድ። ፋይሉን አወረዳችሁ፣ ፈታችሁ፣ አስነሳችሁት። አልነሳም። የሚመጣው መልእክት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ሊብሲ.ኤስኦ.6 ውስጥ ጂሊብሲ 2.28 የሚባል ቨርዥን አልተገኘም፤ የፈለገው ኖድ ነው።» ከዚያ ምክር ይጎርፋል። ከምክሩ ግማሹ ከድጡ ወደ ማጡ የሚወስድ ነው። እኔም አንዱን ሰምቼ ጉድ ሆኛለሁ፤ እሱን ወደ በኋላ አወራችኋለሁ።

«ላይብረሪው ጠፍቷል፤ ፈልጌ ልጫነው»

አልጠፋም። ላይብረሪ ማለት ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ ነው። መልእክቱን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሊብሲ.ኤስኦ.6 የሚባለው የጂሊብሲ ፋይል ቦታው ላይ አለ። የጠፋው በውስጡ 2.28 የሚል ማኅተም ያለበት ነገር ነው።

ጂሊብሲ ማለት አብዛኛው የሊኑክስ ፕሮግራም ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ የሚያነጋግርበት በር ነው። ፋይል መክፈት፣ ሜሞሪ መጠየቅ፣ የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ መቀየር በእሱ በኩል ያልፋል። አማርኛም እዚያው አለች። ኤኤም ኢቲ የሚባል ሎኬል (የቋንቋና የአገር ቅንብር) አብሮት ይመጣል፤ በእሱ «ዴት» የሚለውን ትእዛዝ ብታስነሱ የቀኑን ስም በፊደል ይጽፍላችኋል።

በዚህ በር የሚያልፈው እያንዳንዱ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ቁራጭ) የተወለደበት ቨርዥን ተለጥፎበታል፤ ማኅተም ያልኩት ይህን ነው። ለምን አስፈለገ ቢባል፣ በ2010 የሆነውን ማየት ነው። ፌዶራ 14 በሚባለው ሊኑክስ ላይ የአዶቤ ፍላሽ (በብራውዘር ቪዲዮና ድምፅ የሚያጫውተው ፕሮግራም) ድምፅ በድንገት ይንጫጫ ጀመር። ጥፋተኛው ሜምኮፒ ነበር፤ ዳታን ከአንድ የሜሞሪ ቦታ ወደ ሌላው የሚገለብጥ ፈንክሽን ነው። እንዲፈጥን ተብሎ ከኋላ ወደ ፊት መገልበጥ ጀምሮ ነበር። ደንቡ የሚነበበውና የሚጻፈው ቦታ እንዳይደራረቡ ይላል። ፍላሽ ደንቡን ሳያከብር ዓመታት ኖሯል፤ በዚያ ቀን ተያዘ።

ጂሊብሲ 2.14 ላይ መፍትሔ መጣ። ሁለት ሜምኮፒ አንድ ላይብረሪ ውስጥ እንዲኖሩ ተደረገ። ሞክሼዎች ናቸው፤ የሚለያቸው ማኅተማቸው ብቻ ነው። አሮጌ ፕሮግራም ሲመጣ የድሮውን ጠባይ ያገኛል። አዲስ ኮምፓይል የተደረገ (ከኮድ ወደ ፕሮግራም የተቀየረ) ደግሞ አዲሱን።

ስለዚህ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። የድሮ ፕሮግራም አዲስ ጂሊብሲ ላይ ይሄዳል። አዲሱ የድሮው ላይ አይሄድም። ሴንትኦኤስ 7 የያዘው 2.17 ነው፤ የወጣው ዲሴምበር 2012፣ በእኛ ታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያ ወር የታተመ የስልክ ማውጫ ውስጥ ትናንት የወጣ ቁጥር ብትፈልጉ አታገኙትም። ማውጫው ግን አልጠፋም።

«ፕሮግራሜ ምንም አዲስ ነገር አይጠቀምም፤ እኔን አይነካኝም»

ይነካል። «ሰላም» ብሎ ጽፎ የሚያበቃ ባለ ሦስት መስመር የሲ ፕሮግራም ኡቡንቱ 22.04 በሚባለው ሊኑክስ ላይ ኮምፓይል አድርጉ። ከዚያ ወደ ኡቡንቱ 20.04 ውሰዱት። 2.34 አልተገኘም ብሎ ይቆማል።

ሰላም ለማለት 2.34 ምን ያደርጋል? ምንም። ግን ኦገስት 2021 ላይ 2.34 ሲወጣ፣ ለብቻቸው ይኖሩ የነበሩት የፒትሬድና የዲኤል ላይብረሪዎች ዋናው ሊብሲ ውስጥ ገቡ። በዚያው አጋጣሚ ፕሮግራምን የሚያስነሳው የመጀመሪያው ፈንክሽን አዲስ ማኅተም ተሰጠው። እሱን የማይጠራ መደበኛ ፕሮግራም የለም። ኡቡንቱ 22.04 ያለው 2.35፣ 20.04 ያለው 2.31 ነው። አለቀ።

መልእክቱ ላይ ያለው ቁጥር እንግዲህ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ ፕሮግራሙ ምን እንደሚፈልግ ሳይሆን የት እንደተሠራ ነው። እኔ ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ከገባኝ በኋላ ግን መፍትሔው ቀላል ሆነ፦ ኮምፓይል የምታደርጉት ልትደግፉት ካሰባችሁት ሁሉ በጣም አሮጌው ሲስተም ላይ ይሁን። የፓይተን ሰዎችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሜኒሊኑክስ 2014 የሚል ስም የያዙት ጥቅሎች የተሠሩት ሴንትኦኤስ 7ን መሠረት አድርገው ነው፤ ከ2.17 በላይ አይጠይቁም።

የተቀበላችሁት ፕሮግራም የትኞቹን ማኅተሞች እንደሚጠይቅ ማየት ከፈለጋችሁ ኦብጅደምፕ የሚባለው ትእዛዝ ያሳያችኋል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ኤልዲዲን ነው። የማታምኑት ፋይል ላይ ግን አትጠቀሙት፤ አንዳንዴ ፕሮግራሙን ራሱን ሊያስነሳው ይችላል።

«ሊብሲውን ከአዲስ ማሽን ኮፒ አድርጌ ልተካው»

ጉድ የሆንኩት በዚህች ነው።

ከአመሻሹ 12 ሰዓት አልፏል። ቢሮው ባዶ ነው። ሴንትኦኤስ 7 ሰርቨር ላይ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው አካውንት) ገብቻለሁ። አዲሱን ሊብሲ በፍላሽ ይዤ መጥቻለሁ። ጥንቁቅ ነኝ ባይ ስለሆንኩ መጀመሪያ የድሮውን ስም ለወጥኩት፤ ባክአፕ መሆኑ ነው። ቀጥዬ አዲሱን ላስገባ ሲፒ የሚለውን የመገልበጫ ትእዛዝ ጻፍኩ። «ሊብሲ.ኤስኦ.6ን መክፈት አልተቻለም» አለኝ። እሺ፣ ምን እንዳለ ልይ ብዬ ኤልኤስ አልኩ። ያው መልስ። ስሙን ልመልሰው ብዬ ኤምቪ አልኩ። ያው መልስ። በሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ልግባ ብል ሰርቨሩ አያስገባም። ቆሌዬ ተገፈፈ።

ያልገባኝ ነገር ይህ ነበር፦ ሲፒም፣ ኤልኤስም፣ ኤምቪም ያችኑ ፋይል ፈልገው ነው የሚነሱት። እኔ የቆምኩበትን ቅርንጫፍ ነው የቆረጥኩት።

ከእኔ በዕድሜም በሥራም ለሚበልጥ ባልደረባዬ ደወልኩ።

«ሼሉን ዘግተኸዋል?» አለኝ።

«አይ ጋሼ፣ ክፍት ነው።»

«እንዳትነካው! እኔ የምልህን ብቻ ጻፍ።»

የተከፈተው ሼል (ትእዛዝ የምጽፍበት ፕሮግራም) ሊብሲን ቀድሞ ሜሞሪ ላይ ስለጫነ በሕይወት አለ። ሲዲና ኤኮ የሚባሉት ትእዛዞች ደግሞ የሼሉ የራሱ አካል ስለሆኑ ሌላ ፕሮግራም አያስነሱም። ኤኮ ብሎ ኮከብ ምልክት መጻፍ በኤልኤስ ፋንታ የፋይሎቹን ዝርዝር ያወጣል። አወጣ። ዋናው ፋይል ሊብሲ-2.17.ኤስኦ እዚያው ተቀምጧል! ሴንትኦኤስ 7 ላይ ሊብሲ.ኤስኦ.6 ለካ ወደ እሱ የሚያመለክት ሊንክ ብቻ ነው። ያጠፋሁት ሊንኩን ነው። ጋሼ ኤልዲ ፕሪሎድ በሚባለው ተለዋዋጭ የዋናውን ፋይል ሙሉ አድራሻ አስጽፎኝ፣ በዚያው መስመር ላይ ኤልኤን በሚለው ትእዛዝ ሊንኩን መልሼ ሠራሁት። ኤልኤስ ብዬ ጻፍኩ። ዝርዝሩ መጣ። ውሃ ጠጣሁ።

ተሳክቶልኝ አዲሱን አስገብቼው ቢሆንም አይሠራም ነበር። ሊብሲና ፕሮግራሙን የሚጭነው ሎደር መንታ ናቸው። ከአንድ ምንጭ አብረው ነው የሚወጡት፤ አንዱን ብቻ መቀየር አይቻልም። «ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝን ወደ አዲሱ ሊብሲ ፎልደር አዙረው» (ላይብረሪ የት እንደሚፈለግ የሚናገር ተለዋዋጭ ነው) የሚለው ምክርም የሚወድቀው በዚሁ ነው። አሮጌ ሎደር አዲስ ሊብሲ ሲያጋጥመው የምትጽፉት ትእዛዝ ሁሉ በየተራ ይወድቃል።

የግድ ከሆነ ሎደሩንም ሊብሲውንም አንድ ላይ ለብቻቸው ፎልደር ውስጥ አስቀምጡና፣ ፓችኤልፍ በሚባል መሣሪያ ያንን አንድ ፕሮግራም ብቻ ወደዚያ እንዲያይ አድርጉት። የተቀረው ሲስተም አይነካም። ቪኤስ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያ በ2024 መጀመሪያ በ1.86 ቨርዥኑ ላይ የርቀት ሰርቨሮች ቢያንስ 2.28 ይኑራቸው ሲል ብዙ ሰው በአንድ ጀምበር ከሰርቨሩ ተቆራረጠ። ኡቡንቱ 18.04 ያለው 2.27 ነው፤ በአንዲት ቁጥር ነው የወደቀው። ጩኸቱ ስለበዛ ወዲያው በ1.86.1 የአንድ ዓመት ያህል ጊዜ ተሰጠ። በኋላም መውጫ ተብሎ የተሰጠው ይኸው የፓችኤልፍ መንገድ ነው።

«በስሙ ሊንክ ከሠራንለት ያልፋል»

ይህ በተቃራኒው፣ አሮጌ ፕሮግራም አዲስ ሲስተም ላይ ሲመጣ የሚሰማ ነው። ፕሮግራሙ ሊብኤስኤስኤል 1.1ን (የኦፕንኤስኤስኤል የምስጠራ ላይብረሪ) ይፈልጋል። ኡቡንቱ 22.04 ይዞ የመጣው 3ን ነው። አንዱ ብልጥ 3ን በ1.1 ስም ሊንክ ያደርገዋል። ፕሮግራሙ ይከፍተውና የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.0 ማኅተም የለም ብሎ ይጥለዋል። ሁሉም ላይብረሪ እንደ ጂሊብሲ የድሮውን ተሸክሞ አይኖርም። በፋይሉ ስም መጨረሻ ያለው ቁጥር ሲቀየር «የድሮውን ውል አፍርሻለሁ» ማለቱ ነው።

«ፋይሉ የለም ይላል፤ ይኸው አለ እኮ!»

አለ። የሌለው ፕሮግራሙ የሚፈልገው ሎደር ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ባዶ ባለ 64 ቢት ሲስተም ላይ ሲነሳ፣ ወይም ለጂሊብሲ የተሠራ ፕሮግራም በጂሊብሲ ፋንታ ሙስል የሚባል ላይብረሪ የሚጠቀመው አልፓይን ሊኑክስ ላይ ሲገባ ይህ ይመጣል። መልእክቱ የማን ፋይል እንደጠፋ አይናገርም። ክፉ መልእክት ነው።

«ዶከር ካለ ምን ችግር አለ?»

ግማሹ እውነት ነው። ዶከር ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ጋር በኮንቴይነር አሽጎ የሚያስኬድ መሣሪያ ነው። ኮንቴይነር የራሱን ጂሊብሲ ይዞ ስለሚመጣ ኖድ 18 ሴንትኦኤስ 7 ላይ በዶከር ይሠራል። ከርነሉ ግን የቤቱ ባለቤት ነው፤ አይቀየርም። ጂሊብሲ ከ2.26 ጀምሮ ከርነል 3.2 ይጠይቃል። ሴንትኦኤስ 6 ላይ ያለው 2.6.32 ስለሆነ አዲስ ኮንቴይነር እዚያ «ከርነሉ በጣም አሮጌ ነው» ብሎ ይሞታል።

ዶከሩ ራሱም ሊያረጅ ይችላል። ከ20.10.10 በፊት ያለ ዶከር ላይ 2.34 ያለው ኮንቴይነር ስታስነሱ ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) መፍጠር ያቅተዋል። አዲሱ ጂሊብሲ ክሎን3 የሚባል ጥሪ ይሞክራል። የድሮው ዶከር «አላውቀውም» በማለት ፋንታ «አልፈቅድም» ይለዋል። «አላውቀውም» ቢለው ኖሮ ጂሊብሲ ወደ ድሮው መንገድ ይመለስ ነበር።

«ስታቲክ ካደረግነው ተገላገልን»

ስታቲክ ማለት ላይብረሪውን ፕሮግራሙ ውስጥ ማስገባት ነው። ጎ (Go) በሚባለው ቋንቋ፣ ሲጎ የሚባለውን የሲ ማገናኛ አጥፍታችሁ፣ ወይም በሙስል ከሠራችሁ፣ አዎ፣ ብዙ ጊዜ። ጂሊብሲን ስታቲክ ስታደርጉ ግን ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው ክፍል ሥራ ላይ እያለ ሌሎች ላይብረሪዎችን ከሲስተሙ ይጠራል፤ የሚፈልጋቸውም ከተሠራበት ቨርዥን ጋር የሚገጥሙትን ነው። እናቴ ቤት ነኝ ብሎ ጎረቤት እንደሚበላ ልጅ ነው።

«2.17 ከሆነ ቀዳዳው ብዙ ነው»

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። ጃንዋሪ 2015 ላይ ጎስት የሚባል ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ጂሊብሲ ውስጥ ተገኘ። የሚገርመው፣ ስህተቱ በሜይ 2013 ተስተካክሎ ከ2.18 ጋር ወጥቶ ነበር። የደህንነት ጉዳይ መሆኑን ግን ያስተዋለ ስላልነበረ የድሮዎቹ ሳይጠገኑ ቆዩ። ዜናው ሲወጣ ሬድሃት ማስተካከያውን 2.17 ውስጥ አስገባው። ቁጥሩ 2.17 እንዳለ ቀረ። የተቀየረው ከሰረዙ በኋላ ያለው ነው፤ ማየት ያለባችሁ እሱን ነው።

ለሴንትኦኤስ 7 ይህ ጥገና ከጁን 30, 2024 ወዲህ ቆሟል። ዩም አፕዴት የሚለውን የማደሻ ትእዛዝ ስትጽፉ አድራሻውን አላገኘሁም ይላል። ወደ ቮልት ብታዞሩት ይሠራል፤ ግን ቮልት መጋዘን ነው፤ አዲስ ጥገና አይገባበትም።

«አሮጌው ፕሮግራማችን አዲስ ሲስተም ላይ አይነሳም፤ ስለዚህ እንዳንነካው»

ብዙ ሰው አሮጌ ሰርቨር ላይ የሚቀረው በዚህ ፍርሃት ነው። እኛም እንዲሁ ነበርን። ያን ዕለት ያንገላታኝ ሰርቨር ላይ በ2010 አካባቢ ኮምፓይል የተደረገ የደመወዝ ፕሮግራም ነበር። የጻፈው ሰው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። ሶርስ ኮዱን የት እንዳስቀመጠው የሚያውቅ የለም። በኦብጅደምፕ አየሁት። የሚፈልገው ሊብሲንና የሒሳቡን ሊብኤምን ብቻ ነው። ከፍተኛው ማኅተም 2.4 ነበር።

አልማሊኑክስ 9 የሚባለው አዲስ ሊኑክስ ያለበት ማሽን አዘጋጀን። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ አርጅቶ ስለነበር አልማሊኑክስን አልቀበልም አለ፤ 9ኙ ኤክስ86-64 ቪ2 የሚባለውን የፕሮሰሰር ደረጃ ይጠይቃል። ሌላ አመጣን። ፕሮግራሙን በፍላሽ ወሰድኩት፣ የማስነሳት ፈቃድ ሰጠሁትና አስነሳሁት።

ጋሼ ከኋላዬ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ያ የለመድነው አስቀያሚ አረንጓዴ ሜኑ ወጣ።

«ይኼን ያህል ዓመት ይቺን ፈርተን ነው?» አለኝ።