ኢንተርሚዲየት አልጀብራ፦ ከሰው የሰማችሁት እና እውነታው

«ያው የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ታልፈዋለህ።» አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር እንዲህ ያለኝ አጎቴ ነው። እሱ ራሱ ኮሌጅ ገብቶ አያውቅም፣ የሰማውን ነው የነገረኝ፣ አልፈርድበትም። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ተመዘገብኩና ዲ ይዤ ወጣሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ደገምኩት፣ ያኔ ዓይኔን ገልጬ። ከዚያ በኋላ እዚያው ኮሌጅ ሁለት ዓመት የሒሳብ ቲውተር ሆኜ ሠራሁ። ሐበሻ ተማሪ በመጣ ቁጥር የአጎቴን ምክር በተለያየ ድምፅ እሰማ ነበር።

ለማያውቀው ሰው፦ ኢንተርሚዲየት አልጀብራ እዚህ ሃይስኩል ውስጥ አልጀብራ 2 ከሚሉት ጋር ተቀራራቢ ነው። ፋክተሪንግ፣ ስኩዌር ሩት፣ ኳድራቲክ፣ ፈንክሽን፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ሎጋሪዝም። በአንድ ሴሚስተር ሁሉም ይጠቃለላል።

«ይሄን ሳትወስድ ምንም መማር አትችልም»

ሰው ጊዜውን በከንቱ የሚያቃጥለው ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው። ድሮ እውነትነት ነበረው። ነርስ ልሁን ያለውም፣ ኢንጂነር ልሁን ያለውም፣ የሕፃናት አስተማሪ ልሁን ያለውም በዚያው በአንድ በር ነበር የሚያልፈው። አሁን በብዙ ስቴት ነገሩ ተቀይሯል። ካሊፎርኒያ በፈረንጆቹ 2017 ኤቢ 705 የሚባል ሕግ አወጣች። ሕጉ ኮሌጆቹን፣ ተማሪው በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወረውን ሒሳብ የመጨረስ ዕድሉ ከፍ እንዲል አድርጋችሁ መድቡት፣ እንደማይሳካለት ካልተረጋገጠ በቀር ዝም ብላችሁ ታች አታስጀምሩት ይላል። ቴክሳስም በዚያው ዓመት ወደዚህ የሚወስድ ሕግ አውጥታለች፤ ተማሪው ዋናውን ክላስ ይወስዳል፣ ጎን ለጎን ደግሞ የድጋፍ ክላስ ይሰጠዋል።

ምክንያቱ ለገባው ሰው ቀላል ነው። ሦስት ክላስ ደርድረህ ሰውን ከታችኛው ብታስጀምረው፣ በየመሃሉ ሽፍት ይቀየራል፣ ልጅ ይወለዳል፣ መኪና ይበላሻል፣ አገር ቤት ሰው ይታመምና ብር መላክ ይመጣል፤ ሰው ፈተና ስለወደቀ ብቻ አይደለም የሚጠፋው፣ አንዱን አልፎ ለሚቀጥለው ሳይመዘገብ የሚቀረውም ብዙ ነው።

ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት አድቫይዘሩን «የትኛውን ክላስ ልውሰድ?» አትበሉት። «ለእኔ ሜጀር የሚያስፈልገኝ የመጨረሻው የሒሳብ ክላስ የቱ ነው?» በሉት። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ብዙ የነርሲንግ ፕሮግራም የሚፈልገው ስታትስቲክስ ነው፣ ለዚያ ደግሞ ሌላ አጭር መንገድ ሊኖር ይችላል። ኢንጂነሪንግ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆነ ግን ካልኩለስ ከፊት አለ። ያን ጊዜ ይሄን ክላስ መዝለል ኋላ የሚከፈል ዕዳ ነው።

«ፕሌስመንት ፈተናው ፎርማሊቲ ነው»

ፕሌስመንት የሚሉት ከየትኛው የሒሳብ ክላስ እንደምትጀምሩ የሚወስነውን ፈተና ነው። እኔ የሄድኩት የሌሊት ፓርኪንግ ሥራዬን ጨርሼ፣ ሳልተኛ፣ ፊቴን ታጥቤ ነው። «ፎርማሊቲ ነው» ተብዬ ነዋ። ውጤቱ ከነበረኝ እውቀት ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠኝ፣ ሁለት ደረጃ ማለት ደግሞ ሁለት ሴሚስተር ማለት ነው። ዓመት ሙሉ በአንድ ጠዋት!

አኩፕሌሰር የሚባለውም ይሁን አሌክስ የሚባለው፣ ፈተናው እንደ መልሳችሁ ይለዋወጣል። ስታገኙ ያከብዳል፣ ስትስቱ ያቀላል። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች በእንቅልፍ ልብ ከሳታችሁ፣ ቀሪው ቀላል እየሆነላችሁ ሲሄድ ደስ እያላችሁ ትወርዳላችሁ። አኩፕሌሰር ላይ የሰዓት ገደብ ስለሌለ መጣደፍ አያስፈልግም። አሌክስ ደግሞ የመለማመጃ ክፍል አለው፣ ከተለማመዱ በኋላ መድገምም ይቻላል፤ ስንት ጊዜ የሚለው እንደየኮሌጁ ነው። ሁለት ሳምንት ፋክተሪንግና ክፍልፋይ ከልሳችሁ፣ ተኝታችሁ፣ ቁርስ በልታችሁ ሂዱ። እና ኮሌጃችሁ ፈተናውን ትቶ የሃይስኩል ውጤት የሚያይ መሆኑንም ጠይቁ፣ ትራንስክሪፕታችሁን ከአገር ቤት ማስመጣቱ ሊያዋጣ ይችላል።

«ያው የዘጠነኛ ክፍል ነው»

ግማሹ እውነት ነው። አገር ቤት ትምህርቱን በደንብ የተከታተለ ሰው አብዛኛውን ርዕስ ያውቀዋል። ችግሩም ከዚያው ይመጣል፣ ምክንያቱም «አውቀዋለሁ» ያለ ሰው ሆምወርክ አይሠራም። የኳድራቲኩን ፎርሙላ በቃሉ የሚወርድ፣ ግን (ኤክስ + 3) በሙሉ ስኩዌር ሲሆን ኤክስ ስኩዌር + 9 ብሎ የሚጽፍ ሰው ስንት አይቻለሁ መሰላችሁ። በኤክስ ቦታ 1 አስገቡና እዩት። 1 + 3 አራት ነው፣ አራት ስኩዌር 16። በእሱ መንገድ ግን 1 + 9፣ ማለትም 10። መሃል ላይ 6 ኤክስ ጠፍቷል።

እኔን የጣለኝ ሌላ ነው፣ ዛሬም አልረሳውም። √(ኤክስ + 6) = ኤክስ። ሁለቱንም ጎን ስኩዌር አደረግኩ። ኤክስ + 6 = ኤክስ ስኩዌር ሆነ። ፋክተር አደረግኩ፣ 3 እና −2 ወጣ። ሁለቱንም በክብ አክብቤ ሰጠሁ፣ ፈገግ ብዬ። ወረቀቱ ሲመለስ ግማሽ ማርክ። −2ን መልሳችሁ ክተቱት፦ −2 + 6 አራት ነው፣ የአራት ስኩዌር ሩት 2 ነው፣ −2 አይደለም። ስኩዌር ስናደርግ የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋና ያልነበረ መልስ ሾልኮ ይገባል። አገር ቤት ተምሬው ነበር? ሳይሆን አይቀርም። ግን እዚህ አስተማሪዎቹ የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይደለም የሚያዩት። እርምጃውን ይፈልጋሉ፣ ማረጋገጫውን ይፈልጋሉ፣ «ለምን −2 ተጣለ?» ብለው በጽሑፍ የሚጠይቁም አሉ።

«ሒሳብ እንግሊዝኛ አይፈልግም»

ቁጥር ቋንቋ የለውም እንላለን። ጥያቄው ግን አለው። ሲምፕሊፋይ ሲል አሳጥረው ማለት ነው፣ ሶልቭ ሲል ኤክስን ፈልገህ አምጣ ማለት ነው። ሲምፕሊፋይ የተባለውን «= 0» ብሎ ጨምሮበት የሚፈታ ተማሪ አለ፣ ሒሳቡ ልክ ሆኖ ዜሮ ያገኛል።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። «ፋይቭ ለስ ዛን ኤ ነምበር» የሚል ሲመጣ ሰው በሰማበት ቅደም ተከተል 5 − ኤክስ ብሎ ይጽፋል። ስህተት ነው። አሁን በአማርኛ በሉት፦ ከአንድ ቁጥር ላይ 5 ሲቀነስ። ቁጥሩ ቀድሞ መጣ አይደል? ኤክስ − 5። እንግሊዝኛው ያወናበደውን አማርኛው በቅደም ተከተሉ አስቀመጠው። ቲውተር ሳለሁ በዚህ ብዙ ሰው ከስህተት አድኛለሁ፣ አሜሪካኖቹ ተማሪዎች ደግሞ ይሄ ዘዴ ስለሌላቸው ሲሳሳቱ ትንሽ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። የቃላት ጥያቄ ሲገጥማችሁ መጀመሪያ በልባችሁ አማርኛ አድርጉት፣ ከዚያ ጻፉ።

«ክሬዲቱ ይዛወራል»

አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዩኒቨርሲቲ አይዛወርም። ኮሌጁ 3 ወይም 4 ክሬዲት ብሎ ያስከፍላችኋል፣ ግን በብዙ ቦታ ከኮሌጅ ደረጃ በታች ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ለባችለር ዲግሪ ከሚያስፈልጉት 120 ክሬዲቶች ውስጥ አይገባም። መሰላል ነው፣ ፎቁ አይደለም።

«ኦንላይን ይቀላል፣ ከሥራ ጋር ይሄዳል»

ከሥራ ጋር መሄዱ ልክ ነው። መቅለሉን ግን እርሱት። የትምህርት ሚኒስቴራቸው ደንብ እንደሚለው አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክላስ፣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክላስ ውጭ ሥራ ነው። 4 ክሬዲት ማለት በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ኦንላይን ሲሆን 12ቱንም ሰዓት ለራሳችሁ አለቃ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ኡበር እየነዳሁ ቀይ መብራት ላይ ቪዲዮ አያለሁ ያለኝ ልጅ ነበር። እግዜር ጠበቀው እንጂ ሒሳቡንስ አላለፈውም።

መጽሐፍ ውድ ነው ብላችሁ ከሆነ የፈራችሁት፣ ራይስ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኦፕንስታክስ የዚህን ክላስ ሙሉ መማሪያ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። ሲላበሱ (አስተማሪው የሚሰጠው የክላሱ ዕቅድ) ላይ የኦንላይን ሆምወርክ ኮድ ግዙ የሚል ካለ ግን እሱ ሌላ ወጪ ነው፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አጣሩ።

«ካልሆነልኝ ድሮፕ አደርገዋለሁ፣ ምንም አያመጣም»

ቀኑ ላይ ነው ጨዋታው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድሮፕ ካደረጋችሁ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም፣ ገንዘቡም ይመለሳል። ያ ቀን ካለፈ ደብሊው፣ ማለትም ክላሱን አቋርጧል የሚል ምልክት፣ ይጻፍባችኋል። ደብሊው ጂፒኤ አይነካም፣ እዚህ ድረስ የሰማችሁት እውነት ነው። ግን ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሞልታችሁ እርዳታ የምትወስዱ ከሆነ፣ ኮሌጁ ከሞከራችሁት ክሬዲት ስንቱን እንደጨረሳችሁ ይቆጥራል፤ በብዙ ኮሌጅ ልኩ 67 በመቶ አካባቢ ነው። ደብሊው እንደተሞከረ እንጂ እንደተጨረሰ አይቆጠርም። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደራረበ እርዳታው ሊቆም ይችላል። ከዚህ ሌላ፣ የፌዴራል እርዳታ የማጠናከሪያ ክላሶችን የሚከፍለው እስከ 30 ክሬዲት ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክላስ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ።

ዝም ብሎ መጥፋት ግን ከሁሉም የባሰ ነው። «ካልሄድኩ ራሱ ይሰረዛል» ብሎ የቀረ ሰው ኤፍ ይጠብቀዋል።

«ቲውተር ጋ የሚሄደው ሰነፍ ነው»

አስተማሪን መጠየቅ እንደ ድፍረት በሚታይበት ቤት ያደግን ሰዎች ይሄ ይከብደናል። የመጀመሪያውን ሴሚስተር አንድም ቀን ኦፊስ አወር አልሄድኩም። ፕሮፌሰሩ በሩን ከፍቶ ብቻውን ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ እያየሁ ነበር የማልፈው። ለካ የሚቀመጠው ለእኛ ነው! የሒሳብ ማዕከሉም በነፃ ነው፤ ማለቴ ክፍያው ቀድሞ ከትምህርት ክፍያችሁ ጋር ወጥቷል፣ አለመሄድ የከፈሉትን ትቶ መውጣት ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቀን አዛውንት ትንከባከባለች። መጀመሪያ ቀን «ወንድሜ፣ ለዚህ ነገር ዕድሜዬ አላለፈም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ወንበር ሳብኩላት። ልጇ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ሆኖ አልጀብራ 2 ይማር ነበር፣ እሷ የምትማረውን ማለት ነው። ማታ ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፣ እሱ በእንግሊዝኛ እሷ በአማርኛ። አንድ ማክሰኞ ገና በሩ ላይ ሳለች እየሳቀች መጣች። ልጁ ስኩዌር ሩት ያለበትን ጥያቄ ፈትቶ ሁለት መልስ አክብቦ ደብተሩን ሊዘጋ ሲል «ቆይ» አለችው፣ «ሁለተኛዋን መልሰህ ክተታት።» ከተታት። አልሆነችም። «ማነው ያሳየሽ?» አላት።