«አደረሰን»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ቱሉ ዲምቱ ላይ ንጋቱ ብርድ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ባሻገር ባለው ማሳ ጭድ ይከመራል፤ በአስፋልቱ ዳር በግ መነዳት ይጀምራል። ያኔ በየቤቱ የልደት በዓል ሒሳብ ይገባል። ሽንኩርት ስንት ገባ? ዘይቱስ? የልጆቹ ልብስ? በጉ እንኳ ይቅር፣ ዶሮዋስ? ነቢያት የጌታን መምጣት ተስፋ አድርገው የጾሙትን፣ እኛም ከኅዳር 15 የጀመርነውን ጾም ዋጋ ስንደምር እንፈታዋለን። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ አምና እኔው እንዲህ ነበርኩ።

ከመሀል ከተማ ወደዚህ ከመጣን አምስት ወራችን ነበር። የድሮ ጎረቤቶቻችን በየአቅጣጫው ተበትነዋል፤ የምሠራበት ቦታም ደመወዝ አዘግይቶብኛል። ሳምንቱን ሙሉ ቆዘምኩ። ባለቤቴ ስታናግረኝ «ደክሞኝ ነው» እላለሁ፤ ድካም አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ማዘን ኀጢአት አይደለም። በልደቱ ታሪክ ውስጥ ራሱ ለቅሶ አለ፤ ሰብአ ሰገል ሰግደው ከተመለሱ በኋላ ወንጌላዊው ማቴዎስ የቤተ ልሔም እናቶችን እንባ ይጽፍልናል። ራሔል «መጽናናትም አልወደደችም» ይላል (ማቴ. 2፥18)። ስለዚህ ዘንድሮ ሰው የሞተበት፣ ልጁ በስደት ያለችበት፣ በበዓሉ ቀን ቢያለቅስ «በዓል ነው፣ ዝም በል» አትበሉት። ቁዘማ ግን ሌላ ነው። ያዘነ ሰው ወደ እግዚአብሔር ያለቅሳል፤ የቆዘመ ሰው የሚያወራው ከራሱ ጋር ነው፣ ነፍሱ የምትነግረውንም ሁሉ ያምናታል። መዝሙረኛው ግን አላመናትም፤ «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት (መዝ. 41፥5)። ጠይቆም አልቀረ፣ «በእግዚአብሔር ታመኚ» ብሎ አዘዛት።

ከበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው በራችን ተንኳኳ። ብሎኩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው እናት ናቸው።

«ልጄ፣ ቅርጫው ላይ ስምህ የለም። ምነው?»

«ዘንድሮ ይለፈኝ ብዬ ነው፣ እማማ።»

«እኔም ብቻዬን ሙሉ መደብ አልጨርስም። አንዱን ለሁለት እንግባ።»

ልጃቸው ቤሩት ናት፤ ካዩዋት ሰባት ዓመት አልፏል። በዓል በመጣ ቁጥር ቄጠማቸውን ጎዝጉዘው፣ ቡናቸውን አቅርበው፣ ያለቅሳሉ። ከዚያ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው «ተመስገን» ይላሉ። ሁለቱም ከልባቸው ነው።

የልደት ሌሊት ለቅዳሴ ሄድን። ደብራችን ገና መቃረቢያ (ጊዜያዊ መቅደስ) ነው፤ በቆርቆሮው ክፍተት ብርዱ ይገባል። ካህኑ ጸሎተ አኰቴትን፣ የምስጋናውን ጸሎት፣ ጀመሩ፦ «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ…»፤ በጎ ነገርን ያደረገልንን እናመስግነው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ያን ሌሊት ግን ግሶቹን ተከተልኳቸው፦ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ አቅርቦናልና፣ ተቀብሎናልና፣ አጽንቶናልና… መጨረሻ ላይ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት»፤ እስከዚህችም ሰዓት አድርሶናልና። ከነዚህ ግሶች መካከል «በግ ሰጥቶናልና» የሚል የለም። «ደመወዛችንን በጊዜው አስገብቶልናልና» የሚልም የለም። ቤተ ክርስቲያን ለምስጋናዋ ምክንያት ስትደረድር ጓዳችን ገብታ አልቆጠረችም።

«አብጽሐነ» ማለት ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፣ «አደረሰን» ማለት ነው። በየደጁ «እንኳን አደረሰህ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» የምንባባለው ይኸው የካህኑ ቃል ነው። ስልክ ላይ በጅምላ የምንልከው መልእክት ከቅዳሴው ጋር አንድ ቃል መሆኑን ሳስብ ትንሽ አፈርኩ። (የቅዳሴው ግስ ሁሉ «እኛን» የሚል ነው፣ «እኔን» የሚል የለም። ቅርጫም እንደዚያው፤ በሬ ብቻውን የሚገዛ ከመካከላችን ማን አለ?)

«ጓዳ ባዶ ሆኖ ምስጋና ከየት ይመጣል?» የሚል ቢኖር፣ ከዳዊት መጽሐፋችን ሳይርቅ፣ ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ ካሉት የነቢያት ጸሎቶች መካከል ጸሎተ ዕንባቆምን ይግለጥ። በለሱ ባያፈራ፣ ወይኑ ባይገኝ፣ ወይራው ቢጐድል ይላል። ቀጥሎ የእኛን የበዓል ጭንቀት ራሱን ይጠራዋል፦ «በጎች ከበረቱ ቢጠፉ፥ ላሞችም በጋጡ ውስጥ ባይገኙ፥ እኔ ግን በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል» (ዕንባ. 3፥17-18)። ነቢዩ የጎደለውን አልደበቀም፤ አንድ በአንድ ጠራው። «እኔ ግን» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ምስጋና እንዳልጎደለን ማስመሰል ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ባላስፈለጉት ነበር።

ለእረኞቹም ያን ሌሊት የተሰጣቸው ምልክት የተጠቀለለ ሕፃን በግርግም ተኝቶ ማግኘት ነበር (ሉቃ. 2፥12)። ማደሪያ ያልተገኘለት ጌታ፣ ባዶ ቤት አያሳፍረውም።

ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ በሬው ታርዷል፤ መደቡ በቅጠል ላይ ተደርድሮ ዕጣ ይጣል ነበር። የእኛ ዕጣ አጥንት የበዛበት ላይ ወደቀ። እማማ አይተው ሳቁ፤ «ለሾርባ ይሆናል፣ ተመስገን» አሉ። እኔም ስንት ቀን ዘግቼው የቆየሁትን አፌን ከፍቼ «እንኳን አብሮ አደረሰን፣ እማማ» አልኳቸው።

ሰሞኑን የቅርጫው ስም እየተጻፈ ነው። ደመወዝ ዘንድሮ በጊዜው ገብቷል፤ ሙሉ መደብ መግዛት እችል ነበር። እማማ ጋ ሄጄ «እንደ አምናው ለሁለት?» አልኳቸው።

«ታዲያስ» አሉኝ።