ሮኬቱ ይወጣል፤ ጣጣው መውረዱ ላይ ነው

ልጄ የሮኬት ክለብ ልግባ ስትለኝ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው ፖሊስ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ በሰው አገር ባሩድ ይዞ መዞር ምን የሚሉት ነገር ነው? እህቴ በስልክ ሰምታ «አንቺ ጤነኛ ነሽ? ጣቷን ቢያሳጣትስ!» አለችኝ። አሁን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ጣቶቿ አሥሩም አሉ። ግን ቡና ላይ ወሬው በተነሳ ቁጥር የሚጠየቀው ያው ስለሆነ፣ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

«ያው ርችት አይደል እንዴ?»

ዘመዱ ነው፤ ግን የተስፋፋው ልጆችን ከአደጋ ለማዳን ነው። በፈረንጆቹ 1954 ኔብራስካ፣ ኖርፎክ በምትባል ከተማ ኦርቪል ካርላይል የሚባል ጫማ ነጋዴ ነበር። ርችት ነፍሱ ነው። ወንድሙ ሮበርት ደግሞ የሞዴል አውሮፕላን ሰው ነበር። ሁለቱ ሆነው ሞተሩ የሚቀየር፣ በፓራሹት የሚወርድ ትንሽ ሮኬት ሠሩ። በዚያ ዘመን ወጣቶች የብረት ቱቦ ውስጥ ያገኙትን ኬሚካል እየጠቀጠቁ ይተኩሱ ነበር፤ የተጎዳው ብዙ ነው። ዋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ ላይ የሠራው ሃሪ ስታይን በ1957 ስለዚሁ አደጋ መጽሔት ላይ ጻፈ። ካርላይል አንብቦ ሮኬቱን ላከለት፤ ነገሩ ከዚያ ወዲያ ሄደ።

ዛሬም አካሉ ካርቶን፣ ቀላል እንጨትና ፕላስቲክ ነው። ሞተሩ ከፋብሪካ ተሠርቶ ይመጣል። ባሩድ የሚቀምም ሰው ካያችሁ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ውጡ።

«ክብሪት ለኩሶ መሮጥ ነዋ!»

ክብሪት የሚባል ነገር የለም። ሞተሩ ቂጥ ላይ ቀጭን ሽቦ ይገባል፣ ሽቦው በረጅም ገመድ ከባትሪ ጋር ይገናኛል። ለትንንሾቹ ሞተሮች ቢያንስ 15 ጫማ፣ ከ«ዲ» (ፊደሉ የሞተሩን ጉልበት ይናገራል) በላይ ለሆኑት 30 ጫማ ትርቃለህ። የደኅንነት ቁልፍ አለ፤ እሱ ካልገባ አዝራሩን ብትጫን ምንም የለም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ፍተሻ አለ። የኛው ፈታሽ ሸምገል ያሉ፣ ባርኔጣቸው የማይለያቸው ሰውዬ ናቸው። ክንፎቹን በጣታቸው ያነቃንቃሉ። አፍንጫውን ይዘው ሮኬቱን ያንጠለጥሉታል፤ በራሱ ክብደት ከተላቀቀ ልል ነው፣ ሲስቡት እምቢ ካለ ደግሞ ፓራሹቱን አያስወጣም። የልጄን ሁለቴ መልሰውባታል። ተናድዳ ነበር፤ እኔ ግን የዚያን ቀን ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

ተጭነኸው ካልተነሳስ? ቁልፉን ነቅለህ 60 ሰከንድ ትጠብቃለህ። የዚያችን ደቂቃ ርዝመት የሚያውቅ ያውቃታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሽቦው ሸርተት ብሎ ባሩዱን አለመንካቱ ነው።

«ዋናው ከፍ ማለቱ ነው»

እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሞተሩ ላይ ለምሳሌ «ሲ6-5» ተብሎ ተጽፏል። ፊደሉ አጠቃላይ ጉልበቱን ይናገራል፤ ከኤ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ሲ ስትሄድ ጣሪያው በእጥፍ ያድጋል። 6 አማካይ ግፊቱ ነው፣ በኒውተን። ሰው የማያየው የመጨረሻዋን 5 ነው። ባሩዱ ነድዶ ካለቀ በኋላ ሮኬቱ በያዘው ፍጥነት ጭስ እየተፋ ይወጣል፤ 5 ሰከንድ ሲሞላ ትንሽ ፍንዳታ ወደ ፊት ትገፋና አፍንጫውንና ፓራሹቱን ታስወጣለች። ጊዜው ካጠረ ሮኬቱ ገና እየበረረ ሳለ ፓራሹቱ ይቀደዳል። ከረዘመ በአፍንጫው ተተክሎ ይመጣል።

የመጀመሪያው ቀን ልጄ ሁሉን አስተካክላ አንዲት ነገር ረሳች። ፍንዳታው ፓራሹቱን እንዳያቃጥል መሐል የሚገባ እሳት የማይዘው ወረቀት አለ። ሮኬቱ ቆንጆ አድርጎ ወጣ። ጧ! አለ። የወረደው ግን እንደ ድንጋይ ነው። ስንደርስ ፓራሹቱ ታኝኮ እንደተተፋ ማስቲካ ሆኗል፤ አንዱ ክንፍ የለም።

ከፍታ ለሚወድ ሰው ሌላ ችግር አለበት። ትልቅ ሞተር ትከትና ሮኬቱ የቁራ መልእክተኛ ይሆንብሃል። እዚሁ ቨርጂኒያ ዘ ፕሌንስ በምትባል ከተማ የሚደረገውን የተማሪዎች ብሔራዊ ውድድር ብታዩ ይገባችኋል። ሮኬቱ ጥሬ እንቁላል ይጭናል። የተባለው ከፍታ ላይ መድረስ አለበት፤ ማለፍም እንደ ማነስ ነጥብ ያስቀንሳል። እንቁላሉ ከተሰነጠቀ አበቃ።

«ነፋስ ወደ ነፈሰበት ይወስደዋል»

ሲወርድ አዎ። ሲወጣ ግን ተቃራኒው ነው፤ ነፋሱ ኋላ ያሉትን ክንፎች ስለሚገፋ አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዞራል። ልምድ ያላቸው ሰዎች ማስወንጨፊያ ዘንጉን አንዳንዴ ትንሽ ወደ ነፋሱ ያዘነብሉታል፤ ሲወርድ ነፋሱ መልሶ ያመጣዋል። ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ካለፈ ሁሉም ወደ መኪናው ይገባል።

«ፈቃድ የለሽም፣ ትታሰሪያለሽ»

አሜሪካ ውስጥ ክብደቱ ከ1,500 ግራም፣ ባሩዱ ከ125 ግራም ካላለፈ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ አይጠይቅም። የሜዳውን ባለቤት ፈቃድ ግን ትጠይቃለህ፤ የአካባቢ ሕግም ይለያያል። ከ«ኤች» ጀምሮ ላሉት ትልልቅ ሞተሮች ደግሞ የምስክር ወረቀት አለ፤ በአብዛኛው የአዋቂዎች ነው። አዲስ አበባ ላለ የአጎት ልጅ ሞተር በሻንጣ ልውሰድ ያላችሁኝ ሰዎች፣ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው፤ በእጅም በሻንጣም።

«ከጠፋ ፈልጎ ማምጣት ነው»

ሜዳ ላይ ከሆነ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ካረፈ የማንም አይደለም፤ ረጅም ዛፍ ላይም መውጣት የለም። ሁለተኛዋ ሮኬታችን ካለፈው መከር ጀምሮ አንድ ዋርካ የሚያክል ዛፍ ጫፍ ላይ ናት። ብርቱካናማው ፓራሹት ከመንገድ ይታያል። ባለፍን ቁጥር ልጄ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሰላም ትላታለች።